ፍራንካ ራሜ፦ ያለ ጽሑፍ ያደገች ተዋናይትና የግሪኳ ሜዲያ

የመክፈቻ ጽሑፍ

ስለ ግሪክ ትራጀዲ በተነጋገርን ቁጥር አንድ ሐሳብ ሳይመረመር ያልፋል። ትራጀዲ የተመዘነ ስንኝ፣ የተገራ ድምፅና ከጽሑፉ ዝንፍ የማይል ተዋናይ ይጠይቃል፤ በቅጽበት የሚፈጠር ኮሜዲ ግን ፈጣን ምላስና ደፋር ፊት ካገኘ ይበቃዋል ይባላል። ሁለቱንም የሠራች ተዋናይት ስትገኝም በትራጀዲው ታላቅነቷ ይወሳና ኮሜዲው እንደ ወጣትነት ዘመን ጨዋታ ይታለፋል። እኔ ይህን አልቀበልም። ጣሊያናዊቷ ፍራንካ ራሜ ሜዲያን፣ ማለትም ባሏ ከድቷት ልጆቿን የምትገድለውን የግሪክ ታሪክ ሴት፣ ሆና ስትቆም ያን ያህል ኃይል ያገኘችው ያለ ጽሑፍ ከሚጫወት ቤተሰብ በመውጣቷ ነው፤ የትራጀዲዋ መሠረት የቅጽበት ፈጠራው ነው የሚል አቋም አለኝ።

ለማያውቋት አንባብያን ባጭሩ ላስተዋውቃት፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ራሜ በ1929 ከሚላኖ ብዙም በማትርቀው በፓራቢያጎ ተወለደች። ቤተሰቧ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በአሻንጉሊት ቲያትር የሚተዳደር ነበር። ሲኒማ ተመልካቹን መሻማት ሲጀምር በ1920ዎቹ አሻንጉሊቶቹን አስቀምጦ ራሱ መድረክ ላይ ወጣ፤ በሎምባርዲያ ከመንደር መንደር እየተዘዋወረም ይጫወት ጀመር። እርሷም መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በተወለደች በስምንተኛ ቀኗ፣ በታሪኩ ውስጥ ያለውን ሕፃን ሆና በእናቷ ክንድ ላይ ነው።

የአሠራራቸውን ነገር በጥሞና መመልከት ያስፈልጋል፤ ክርክሬ የቆመው በዚህ ላይ ነውና። ቡድኑ የሚያሳየው የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ፣ የሼክስፒር ተውኔት ወይም ሕዝቡ የሚወደው ልብ ወለድ ሊሆን ይችላል፤ ተዋንያኑ የሚያጠኑት የተጻፈ ቃለ ተውኔት ግን አልነበረም። አጎቷ ቶማሶ ሁሉንም ሰብስቦ ታሪኩን ይተርክላቸዋል፣ ማን ማንን እንደሚጫወት ይደለድላል፣ ከዚያም የመግቢያውና የመውጫው ተራ የተጻፈበት ዝርዝር ከመጋረጃው ጀርባ ይሰቀላል። የቀረውን ሁሉ ተዋናዩ ከተመልካቹ ፊት ቆሞ ይፈጥረዋል። በዚህ ዓይነት ያደገች ልጅ ከሁሉ አስቀድማ የምትማረው አዳራሹን ማዳመጥ ነው፤ ሰዉ የት ላይ እንደ ተሰላቸ፣ የት ላይ ልቡ እንደ ተነካ፣ መቼ ዝም ማለት እንደሚገባ ታውቃለች።

በ1950 ከቤተሰቡ ቡድን ወጥታ በሚላኖ የመዝናኛ መድረኮች ላይ መሥራት ጀመረች። በ1954 ተዋናይና ደራሲ የነበረውን ዳሪዮ ፎን አገባች፤ ከእርሱም ጋር ሆና ሕዝብን ያሳቁና ባለሥልጣናትን ያስቆጡ ኮሜዲዎችን ሠራች። በ1962 የጣሊያን ብሔራዊ ቴሌቪዥን የሚያቀርቡትን ጽሑፍ በመቁረጡ ሁለቱም ካንዞኒሲማ የተባለውን እጅግ ተወዳጅ ዝግጅት ጥለው ወጡ። በ1977 ደግሞ በሚላኖው ፓላዚና ሊበርቲ ስለ ሴቶች ኑሮ የሚናገሩ መነባንቦችን ብቻዋን ሆና አቀረበች። አብዛኞቹ የሚያስቁ ናቸው፤ ከእነዚያው መካከል ግን ሜዲያ አለች። በአንድ ምሽት፣ በአንዲት ሴት አካል፣ አዳራሹን በሳቅ ያፈረሰው ድምፅ ልጆቿን ልትገድል ወደ ቆረጠችው እናት ይሸጋገራል። ይህን ሽግግር የሚችል ሰው ችሎታውን ከየት ያመጣዋል ትላላችሁ? ከመጽሐፍ ነው ወይስ ከገበያ መድረክ?

ከዚህ በታች የመጡትን ምላሾች እንደ ቁጥራቸው ቅደም ተከተል በራሴ ቃል አስፍሬያለሁ።

1ኛ ምላሽ። የቲያትር ጥበባት ተማሪ መሆኗን የገለጸች እኅት በትሕትና ሰላምታ ጀምራ በሐሳቡ መስማማቷን ጻፈች። ክርክሩ አዲስ አለመሆኑን ለማሳየትም የፕላቶንን የግብዣ ድርሳን አነሣች፤ በዚያ ድርሳን መጨረሻ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ነቅተው የቀሩት ሶቅራጥስ፣ የትራጀዲው ደራሲ አጋቶንና የኮሜዲው ደራሲ አሪስቶፋነስ ናቸው። ሶቅራጥስም ሁለቱን እንቅልፍ እያዳፋቸው አንድ ሰው ትራጀዲንም ኮሜዲንም መጻፍ እንደሚችል ያሳምናቸዋል። እንደ እርሷ አስተያየት ራሜ ያደረገችው ፈላስፋው በቃል ያለውን በሥጋ ማሳየት ነው።

2ኛ ምላሽ። ረጋ ያለና በዕድሜ የገፋ የሚመስል ጸሐፊ ሁለት እርማት አቀረበ። በመጀመሪያ፣ የሶቅራጥስ ንግግር ስለ ደራስያን እንጂ ስለ ተዋንያን አለመሆኑን አስታወሰ፤ በጥንቷ አቴና የትራጀዲ ተዋንያንና የኮሜዲ ተዋንያን ተለያይተው ይሠሩ ነበር፣ ሁሉም ወንዶች ነበሩ፣ ጭምብልም ያደርጉ ነበር። የመጀመሪያዋ ሜዲያ በጭምብል ውስጥ ያለ ወንድ እንደ ነበረ መርሳት እንደማይገባም ጨመረ።

ሁለተኛው እርማቱ ይከብዳል። ራሜ የተጫወተችው የጥንታዊውን የግሪክ ደራሲ የዩሪፒደስን ሜዲያ አይደለም። ዩሪፒደስ ተውኔቱን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ለዲዮኒሶስ በዓል አቅርቦ ከሦስቱ ተወዳዳሪዎች መጨረሻ የወጣበት፣ ንጉሥ ክሪዎንና ሴት ልጁ በመርዝ የሚሞቱበት፣ የአቴናው ኤጌውስ መጠጊያ ሊሰጥ ቃል የሚገባበት፣ በመጨረሻም ሜዲያ በፀሐይ አምላክ ሠረገላ የምታመልጥበት ሥራ ነው። የራሜ ሜዲያ ግን ከማዕከላዊ ጣሊያን ሕዝብ አፍ ተወሰደ በተባለ ቅጂ ላይ የተመሠረተ፣ በጥንታዊ የገጠር አነጋገር የሚነገር መነባንብ ነው፤ ሠረገላም ኤጌውስም የሉበትም። ስለዚህ እርሷን የግሪክ ትራጀዲ ተዋናይት ብሎ መጥራት ልክ አለመሆኑን በአክብሮት ነገር ግን ያለ ማወላወል አስቀመጠ።

3ኛ ምላሽ። በሚላኖ የምትኖርና አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ የምትተዳደር እኅት ናት የጻፈችው። ቀደም ሲል ትንከባከባቸው የነበሩ እናት የራሜን መነባንቦች በቴሌቪዥን ቀረጻ ደጋግመው ያዩ ነበርና እርሷም አብራቸው ተቀምጣ አይታለች። ሰዉ በሚስቀው ቦታ እርሳቸውም ይስቁ ነበር፤ ሜዲያ ስትጀምር ግን አሮጊቷ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አይንቀሳቀሱም ነበር። ጸሐፊዋ በዚያ ጊዜ ጣሊያንኛዋ ገና ስለ ነበረ የገጠሩን አነጋገር ፈጽሞ አልተረዳችውም፤ ነገር ግን መነባንቡ በሴቶች ጩኸት እንደሚጀምር፣ ጎረቤቶች ሜዲያ በሯን ዘግታ እንደ ተቀመጠች እየተጣሩ ሰው እንደሚሰበስቡ፣ ያንን ጩኸት የምታሰማውም ያችው አንዲት ተዋናይት እንደ ሆነች ገብቷታል። እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት የሚጮኸውን ጩኸት ስለ መሰላት አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። 2ኛውን ጸሐፊ ጋሼ እያለች ጠርታም ግሪክ ይሁን አይሁን እርሷ እንደማትፈርድ፣ ያየችው ግን ትራጀዲ እንደ ሆነ ነገረችው።

ይህ ምላሽ ከሁሉ ይበልጥ ለእኔ ክርክር ቅርብ ስለ ነበረ ቶሎ ላልፈው አልወደድሁም። ቋንቋው ያልገባት ተመልካች የያዛት ነገር ቃል ሊሆን አይችልም፤ የያዛት አንዲት ሴት የብዙ ሰው ድምፅ ሆና መንደሩን ከባዶ መድረክ ላይ ማስነሣቷ ነው። ጽሑፍ አጥንተው የሚያድጉ ተዋንያን ብዙ ጊዜ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ይሠለጥናሉ። በራሜ ቤተሰብ ግን አንድ ሰው በአንድ ምሽት ብዙ ሰው ሆኖ መግባትና መውጣት ነበረበት።

4ኛ ምላሽ። እዚህ ላይ ቃናው ተለወጠ። ስለ ቲያትር ታሪክ ብዙ ያነበበ ጸሐፊ፣ የመክፈቻው ጽሑፍ ስለ ቅጽበታዊ ፈጠራ ያለው አመለካከት የዋህ ነው ብሎ በግልጽ ተቸኝ። በ16ኛው መቶ ዘመን የተነሡት የኮሜዲያ ዴላርቴ፣ ማለትም የጣሊያን የቅጽበት ፈጠራ ኮሜዲ፣ ተዋንያን ከባዶ እንደማይፈጥሩ አብራራ፤ የፍቅር ምሬት፣ የቅናት ቁጣ፣ የስንብት ንግግር የተመዘገበባቸው የግል ደብተሮች ነበሯቸው፤ ያንን አጥንተው እንደ ሁኔታው ይሰካኩታል። የራሜ ቤተሰብም ለዘመናት ተመሳሳይ ታሪኮችን ሲደጋግም የኖረ በመሆኑ ተዋንያኑ በቅጽበት ፈጠርን የሚሉት አብዛኛው ነገር በትዝታ የተከማቸ ነው። ስለዚህ ክርክሬ መጻፍንና አለመጻፍን በማነጻጸር ላይ ከቆመ ከመነሻው ይፈርሳል። ባነበብሁት ጊዜ ጥቂት ከበደኝ፤ በመረጃው ግን ትክክል ነው።

5ኛ ምላሽ የራሴ ነው። ክምችት መኖሩን ተቀብዬ፣ ክምችቱን በየትኛው ቅጽበት መጠቀም እንደሚገባ የሚወስነው ግን በአዳራሹ ያለው ሕዝብ እንደ ሆነ ጻፍሁ። ለዚህም የራሜን የኋላ ዘመን አሠራር አቀረብሁ። መነባንቦቹ ተጽፈው ካለቁ በኋላ እንኳ እርሷ ትርኢቶቹን በቴፕ ትቀርጽ ነበር፤ ሰዉ የት እንደ ሳቀና የት እንደ ቀዘቀዘ እየሰማች ጽሑፉን በየጊዜው ትለውጠው ነበር። ዛሬ በእጃችን የሚገኘው ጽሑፍ ከመድረኩ በኋላ የመጣ ነው ማለት ይቻላል። የሁለቱን ባልና ሚስት ወረቀት ሁሉ ሰብስባ መዝገብ ያደራጀችውም እርሷ ናት፤ ያ ክምችት በ2016 በቬሮና በመንግሥት ቤተ መዛግብት ውስጥ ቦታ አግኝቶ ነበር። ለ2ኛው ጸሐፊም፣ ዩሪፒደስ ራሱ ከእርሱ በፊት ይነገር የነበረውን ታሪክ እንደ ፈቃዱ የለወጠ ደራሲ መሆኑን አስታወስሁት።

6ኛ ምላሽ። አንድ ጸሐፊ በአንድ አንቀጽ ብቻ ከባድ ጥያቄ ጣለ። በ1981 በለንደን ብሔራዊ ቲያትር ደቡብ አፍሪካዊቷ ኢቮን ብራይስላንድ ሜዲያ ያለችባቸውን እነዚህን መነባንቦች በእንግሊዝኛ ተጫውታቸዋለች። እርሷ ከተዘዋዋሪ ቤተሰብ አልወጣችም፤ በጽሑፍ ተውኔት የተፈተነች ተዋናይት ናት። ኃይሉ ከቅጽበት ፈጠራ ሥልጠና የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ሥራው ያለ ራሜ ሊቆም ይችል ነበርን? ብሎ ጠየቀ። ለዚህ የሚበቃ መልስ እስከ መጨረሻው አልመጣም።

7ኛ ምላሽ። በዚህ ቦታ ውይይቱ መንገድ ለቀቀ። አንድ ወንድም የግሪክ ትራጀዲ ለእኛ ባዕድ ተደርጎ መታየቱ እንደማይዋጥለት ገልጾ፣ ዩሪፒደስም ሶፎክለስም ስለ ኢትዮጵያዊቷ ልዕልት አንድሮሜዳ ተውኔት ጽፈው እንደ ነበር፣ የሁለቱም ሥራ ጠፍቶ ቁርጥራጭ ብቻ መቅረቱን በቁጭት ተረከ። ስለ ጣሊያን ተዋናይት ከመጨቃጨቅ ይልቅ ስለ አንድሮሜዳ ብንወያይ ይሻላል የሚል ጥሪም አቀረበ።

8ኛ ምላሽ በቁጣ የተጻፈ ነው። ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር፣ አንዳንዴም በዓለም ዳርቻ ያለ የተረት አገር እንደ ሆነ፣ የአንድሮሜዳን ታሪክ በኢዮጴ የባሕር ዳርቻ የሚያስቀምጡ ጥንታውያን ጸሐፊዎችም እንዳሉ ዘረዘረና 7ኛውን ጸሐፊ ስም ብቻ ሰምቶ ባለቤት ነኝ እንደሚል ሰው ቆጠረው። የእርማቱ ይዘት መልካም ሆኖ ሳለ አነጋገሩ ከሚገባው በላይ ሻካራ ነበር።

9ኛ ምላሽ። የቲያትር ተማሪዋ ተመልሳ መጣችና ሁለቱን አስታረቀች፤ የተጠቀመችበት መንገድ ግን ውይይቱን ወደ ጉዳዩ የመለሰ ነው። የዩሪፒደስ አንድሮሜዳ ለመድረክ የበቃችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ412 ነበር። በማግሥቱ ዓመት አሪስቶፋነስ በኮሜዲው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ታስሮ የአንድሮሜዳን እንጉርጉሮ እያሾፈ እንዲዘምር አደረገ። የትራጀዲ ገጣሚዎችም ከሦስት ትራጀዲ በኋላ አንድ አስቂኝ የሳቲር ተውኔት ያቀርቡ ነበር፤ እንባውን ያፈሰሰው ሕዝብ በዚያው ቀን እየሳቀ ይሄዳል። ስለዚህ በራሜ ምሽት ሳቅና ሜዲያ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ከግሪክ ልማድ መራቅ አለመሆኑን፣ እንዲያውም የተሟላውን የአቴና ቀን የሚያስታውስ እንደ ሆነ አስረዳች። 2ኛው ጸሐፊ ወዲያውኑ ስምምነቱን ገለጸ፤ ልጄ ብሎ ጠርቶም አመሰገናት።

10ኛው ምላሽ ስለ አዝማሪ ነበር። አዝማሪ እንግዳው ሲገባ መልኩን አይቶ በዚያው ቅጽበት ግጥም እንደሚያወርድለት፣ ስለዚህ ለእኛ ሰው የራሜ ቤተሰብ አሠራር እንግዳ ሊሆን እንደማይገባ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ነው። 11ኛው ደግሞ አዝማሪ የሚያወርሰው ግጥምና ዜማ እንጂ ገጸ ባሕርይ እንዳልሆነ ተናግሮ መንገዱን ዘጋው።

12ኛ ምላሽ። ከዚህ በኋላ የመጣው የሁላችንንም ስሜት የነካ ነው። የሦስት ልጆች እናት መሆኗን የነገረችን ጸሐፊ፣ ልጆቿን ስለ ገደለች ሴት በእንዲህ ያለ አድናቆት መናገራችን እንዳስደነገጣት ጻፈች። ዩሪፒደስ ቢያንስ ድርጊቱን አስፈሪ አድርጎ ትቶታል፤ ራሜ ግን ሜዲያን ልጆቿ ሞተው አዲስ ሴት እንድትወለድ የምትጮህ አድርጋ አቅርባታለች፤ ይህም ወንጀልን የነጻነት መዝሙር ማድረግ ነው ስትል ከሰሰች። ጥበብ ሁሉን ይፈቅዳል የሚለውን መከላከያ ከአሁኑ እንደማትቀበልም አስጠነቀቀች።

13ኛ ምላሽ። የሚላኖዋ እኅት መለሰችላት፤ ተቆርቋሪነቷን ሳትነቅፍ ነው። ራሜ ሜዲያን ከመጀመሯ በፊት በራሷ ድምፅ፣ ያለ ገጸ ባሕርይ፣ ለተመልካቹ መቅድም ትናገር እንደ ነበር አስታወሰች። በመቅድሙ ግድያው ምሳሌ እንደ ሆነ ይገለጻል። በመነባንቡ ውስጥ ጎረቤት ሴቶቹ ሜዲያን ሕጉን እንድትቀበል ይመክሯታል፤ ወንድ በዕድሜ ይበስላል፣ ሴት ትጠወልጋለች፣ እኛም በዚሁ አልፈናል፣ ስለ ልጆችሽ ስትይ ዝም በዪ ይሏታል። ሜዲያም የልጆች ፍቅር ራሱ ወንዶች በሴት አንገት ላይ የጫኑት ቀንበር እንዲሆን መደረጉን ያኔ ታያለች። የምትገድለው ያንን ቀንበር ነው። እኅታችን ይህን ካብራራች በኋላ ልጆቿን ለአያታቸው ትታ የተሰደደች እናት እንደ ሆነች፣ ስለ ልጆችሽ ስትይ የሚለው ቃል በስንት ሰው አፍ እንደ ተነገራት፣ ስለዚህ መነባንቡን ስታይ ደም እንዳልታያት ጨመረች። 12ኛዋ ጸሐፊ በ14ኛው ምላሽ አመሰገነቻት፤ አሁንም ግን ምሳሌው ከልክ ያለፈ መሆኑን እንደምታምን ነገረቻት።

እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ለሁለቱም እውነት አለ ባይ ነኝ፤ ከትወናው አንጻር ግን አንድ ነገር አስተውላለሁ። መቅድሙ የተጻፈ ሥርዓት ቢሆንም የተወለደው ከቅጽበት ፈጠራ መድረክ ነው። ዛሬ ማታ ምን እንደምናሳይ ቀርቦ ለመንደሩ ሰው መንገር፣ ፊቱን አይቶ ድምፅን ማስተካከል የተዘዋዋሪ ተዋናይ ሥራ ነው። ራሜ ከተመልካቹ ጋር እንደ ጎረቤት አውርታ፣ አስቃም ካዘጋጀችው በኋላ ነው በአንድ እርምጃ ወደ ሜዲያ የምትገባው። ተመልካቹ የሚደነግጠው አሁን አብራው ስትስቅ የነበረችው ሴት እንደ ሆነች ስለሚያውቅ ነው። የትራጀዲ ተዋናይ ከመጀመሪያው በክብርና በርቀት ከቆመ ይህ ድንጋጤ አይገኝም።

15ኛ ምላሽ። አንድ ጸሐፊ በ1973 በመጋቢት ወር በሚላኖ የቀኝ ጽንፈኞች ራሜን አፍነው እንደ ደፈሯት አስታውሶ፣ የሜዲያዋ ኃይል ከዚያ ቁስል እንጂ ከኮሜዲ አለመምጣቱን አስረግጦ ጻፈ። 16ኛው ምላሽ ይህን አጥብቆ ተቃወመ፤ የሴት ተዋናይን ጥበብ ሁሉ ወደ ደረሰባት ጥቃት መመለስ ችሎታዋን መንጠቅ ነው ሲል። ራሜ ስለዚያ ጥቃት ራሱን የቻለ መነባንብ እንዳላት፣ ለብዙ ጊዜም የራሷ ታሪክ መሆኑን ሳትገልጽ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ታቀርበው እንደ ነበር አመለከተ። ሜዲያ በጩኸት የምትጀምር ሥራ ናት፤ ያኛው ግን ጩኸት የሌለበት ነው። አንዲት ተዋናይት ለሁለቱ ይህን ያህል የተለያየ ድምፅ ከመረጠች፣ የመረጠው ቁስሉ አይደለም፤ የመድረክ ዕውቀቷ ነው። ከምላሾቹ ሁሉ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

17ኛ ምላሽ። ስለ ደራሲነት የተነሣው ክርክር ከሁሉ ይልቅ የመረረ ነበር። አንድ ጸሐፊ በ1997 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው ዳሪዮ ፎ መሆኑን፣ ስለዚህ መነባንቦቹን የእርሱ ሥራ አድርገን ተዋናይቷን እንደ አቅራቢ ብቻ ልናያት እንደሚገባ በንቀት ቃና ተናገረ። ከ18ኛው እስከ 21ኛው ያሉት ምላሾች ተረባረቡበት፤ አንዳንዶቹ ከተገቢው በላይ ስድብ ቢጤ ስላለባቸው አልደግማቸውም። ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው፦ ሜዲያን ጨምሮ የሴቶቹ መነባንቦች በሁለቱም ስም የታተሙ ናቸው፤ ፎ ራሱም ሽልማቱ የእርሷም እንደ ሆነ በይፋ ተናግሯል፤ የቅጽበት ፈጠራን ጥንታዊ ብልሃት ከራሜ ቤተሰብ መማሩንም አልደበቀም። ፎ የሥነ ሕንጻ ተማሪ ሆኖ ወደ መድረክ የመጣ ሰው ነው፤ እርሷ ግን ከመራመዷ በፊት መድረክ ላይ ነበረች።

22ኛ ምላሽ። 4ኛው ተቺ ተመለሰ፤ አሁን ግን የሚጠቅም ነገር ይዞ መጣ። ኢዛቤላ አንድሬኒ በ1562 በፓዶቫ ተወልዳ በ1604 በሊዮን ያረፈች የኮሜዲያ ዴላርቴ ተዋናይት ናት። በ1589 በፍሎረንስ በተደረገው የሜዲቺ ቤተሰብ ሠርግ ላይ ያቀረበችው የእብደት ትዕይንት በልዩ ልዩ ቋንቋዎች እየዘባረቀች፣ የባልደረቦቿንም የአነጋገር ዘይቤ እየቀዳች እንደ ነበር በዘመኑ የተጻፈ ምስክርነት አለ። የእብደቷ ምክንያት የፍቅር ክዳት ነው፤ አዳራሹም እያዘነ ይስቅ ነበር። ጸሐፊው ይህን ያመጣው እኔን ለመደገፍ አይደለም። ሐሳቤ ስለ ራሜ ብቻ ሆኖ መቅረቡ ጠባብ እንዳደረገው፣ ጣሊያን በዚህ መንገድ አራት መቶ ዓመት እንደ ተጓዘች ለማሳየት ነው። ከዚያም በ1585 የግሪኩ ኤዲፐስ በቪቼንዛ ኦሊምፒኮ ቲያትር ሲከፈት ዓይኑን ያጣውን ንጉሥ የተጫወተው ሉዊጂ ግሮቶ በእውነትም ዓይነ ስውር እንደ ነበር ጨመረልን። ይህ ከጉዳያችን ትንሽ ቢርቅም ባለማንበቤ ይቆጨኝ ነበር።

23ኛ ምላሽ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሲያነብ የቆየ የቲያትር አዘጋጅ ነው። እስካሁን ማንም ያላነሣውን ነገር አነሣ፤ ኮረሱን፣ ማለትም በግሪክ ተውኔት በኅብረት የሚዘምረውንና የሚናገረውን ቡድን። በዩሪፒደስ ተውኔት ውስጥ የቆሮንቶስ ሴቶች ሆነው መድረኩን የሚሞሉ አሥራ አምስት የኮረስ አባላት አሉ። ሜዲያ ሦስት ጊዜ ጋሻ ይዛ ጦር ሜዳ ብትሰለፍ አንድ ጊዜ ከመውለድ እንደምትመርጥ የምትናገረው ለእነርሱ ነው፤ ምሥጢሯን የሚሰሙትና ዝም የሚሉትም እነርሱ ናቸው። ራሜ ብቻዋን ስትቆም ኮረሱ የት ሄደ? አዘጋጁ እንደሚለው የሴቶቹን ቃል እርሷ ብትናገረውም የሴቶቹን ቦታ የያዘው ተመልካቹ ነው። በ1977 በዚያ አዳራሽ የተቀመጡት ሴቶች ሜዲያ ዞራ ስታናግራቸው ዝም በዪ ብለው የመከሩት ጎረቤቶች እነርሱ ራሳቸው ሆነው ያገኙታል። ይህ እንዲሆን ደግሞ ተዋናይቷ በተመልካቹና በመድረኩ መካከል ምንም ግድግዳ እንደሌለ አድርጋ መኖር የለመደች መሆን አለባት። ጽሑፍ አጥንታ በብርሃን ውስጥ የምትቆም፣ አዳራሹንም እንደ ጨለማ ብቻ የምታይ ተዋናይት ኮረሱን ከዚያ ጨለማ ልታወጣው አትችልም።

እኔም ለዚህ ምላሽ ስጽፍ፣ በመክፈቻው ላይ ልለው እየፈለግሁ ቃል ያጣሁለት ነገር ይህ እንደ ነበረ ነገርሁት። አዳራሹን ማዳመጥ ያልሁት ሳቅን ለመለካት ብቻ አልነበረም፤ አዳራሹን የታሪኩ አካል ለማድረግ ነው። የአቴና ሰዎች ኮረሱን ከዜጎች መካከል መርጠው ሲያሠለጥኑ ያገኙትን ነገር ራሜ ያለ ማሠልጠኛና ያለ ገንዘብ፣ ቲኬት ቆርጦ ከገባው ሰው አገኘችው። ለ2ኛው ጸሐፊ ግሪክነቱ የቱ ላይ እንደ ሆነ ቢጠይቀኝ ዛሬ የምሰጠው መልስ ሠረገላውን ትቼ ኮረሱን ማሳየት ነው።

24ኛ ምላሽ። 6ኛው ጸሐፊ እስካሁን እንዳልተመለሰለት አስታወሰ። አዘጋጁ የተናገረው ሁሉ እውነት ከሆነ በለንደን የቀረበው የብራይስላንድ ሜዲያ ኮረስ አልባ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ወይ ኮረሱን የሚፈጥረው ጽሑፉ ራሱ ነው፣ ወይም የቅጽበት ፈጠራ ልምድ ለዚህ ግድ አይደለም፤ ከሁለቱ አንዱን እንድንመርጥ ጠየቀ። አዘጋጁም በ25ኛው ምላሽ፣ ያ ጽሑፍ ከስንት ምሽት ትርኢት በኋላ እንደ ተስተካከለ፣ ማለትም የአዳራሹ መልስ በውስጡ ተጽፎ ወደ ለንደን እንደ ሄደ አመለከተ፤ ሌላዋ ተዋናይት የምትናገረው ራሜ ከሚላኖ ሴቶች ጋር በአንድነት የሠራችውን ቃል ነው። 6ኛው ጸሐፊ ግማሹን ተቀበለ። ስለ ቀሪው ግማሽ የሁለቱን ቀረጻ ጎን ለጎን ሳያይ እንደማይወስን ጽፎ፣ የሚላኖዋን እኅት የጣሊያንኛውን አነጋገር እንድታብራራልን ለመናት፤ እርሷም በሥራዋ ዕረፍት ቀን እንደምትመለስበት ቃል ገባች።